የድንጋይ ሽበት ስም ሲወጣለት፦ «አዲስ ዝርያ ተገኘ» ማለት ምን ማለት ነው?

በ2009 ከአሜሪካ አንድ ፈገግ የሚያሰኝ ዜና ተሰማ። (ካልተገለጸ በቀር በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።) ባራክ ኦባማ ቃለ መሐላ ከፈጸሙ ጥቂት ወራት እንኳ ሳይሞላ በስማቸው የሚጠራ ሕያው ፍጥረት በሳይንስ መዝገብ ገባ። ፍጥረቱ አንበሳ ወይም ንስር አልነበረም። በካሊፎርኒያ ጠረፍ አቅራቢያ ባለችው በሳንታ ሮዛ ደሴት አፈር ላይ ተለጥፎ የሚኖር፣ ላይከን የሚባል ቅርፊት መሰል ፍጥረት ነበር። ስሙም «ካሎፕላካ ኦባሜ» ተባለ። ስም ያወጣለት ኬሪ ክኑድሰን በዚያን ጊዜ በሪቨርሳይድ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የላይከን ክምችት ኃላፊ ነበር፤ ወደዚህ ሙያ የመጣውም ዘመኑን በግንባታ ሠራተኛነት ከገፋ በኋላ ነው።

ያኔ የተነሣው ጥያቄ ዛሬም ተመሳሳይ ዜና በወጣ ቁጥር ይደገማል። ከጥንት ጀምሮ በቦታው የነበረን ነገር «አዲስ» የሚሉት በምን ሒሳብ ነው? ለድንጋይ ቅርፊት ስም ማውጣትስ ምን የሚሉት ሥራ ነው? በ2024 ደግሞ ነገሩ ከፈገግታ አለፈ። በዓመቱ መጀመሪያ የአሜሪካው ዱክ ዩኒቨርሲቲ 825 ሺህ ያህል የደረቁ የዕጽዋት፣ የፈንገስና የላይከን ናሙናዎች ያሉበትን ክምችቱን እንደሚዘጋ አስታወቀ። በዓመቱ አጋማሽ ማድሪድ ላይ የተሰበሰቡ የዕጽዋትና የመሰሎቻቸው ስም አወጣጥ ባለሙያዎች ደግሞ በስሞች ሥነ ምግባር ተከራክረው ድምፅ እስከ መስጠት ደረሱ። ሁለቱም ክርክሮች የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው። «አዲስ» የሚለው ቃል ስለ ፍጥረቱ ዕድሜ የሚናገረው የለም፤ የሚናገረው ስለ እኛ መዝገብ ነው። መዝገቡ እንዴት እንደሚጻፍ ያላወቀ ሰው መዝገብ ቤቱ ሲዘጋ ምን እንደጠፋ ማወቅ ይቸግረዋል።

ድንጋዩ ላይ ያለው ማነው?

ደጋ ያደገ ሰው ላይከንን ያውቀዋል፤ የማያውቀው ስሙን ብቻ ነው። በአሮጌ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ድንጋይ ላይ ክብ ክብ እየሠራ የተለጠፈው ግራጫና ቢጫ ቅርፊት እሱ ነው። በባሌ ተራሮች ከአስታና ከኮሶ ዛፍ ቅርንጫፍ እንደ ሽማግሌ ጢም ተንጠልጥሎ የሚታየውም እሱ ነው። «የድንጋይ ሽበት» የሚሉት አሉ፤ ስሙ ያምርበታል፤ ላይከንም እንደ ሽበት ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው። በዓመት አንድ ሚሊሜትር እንኳ የማያድግ ዝርያ አለው። ኬሚስትሪ የተማረ ሰው ደግሞ ሳያስተውለው ሰምቶለታል፤ አሲድና ቤዝ የሚለየው የሊትመስ ወረቀት ቀለም ከጥንት ጀምሮ የሚወጣው ከላይከን ነው።

ሲያዩት ዕፅ ይመስላል እንጂ ዕፅ አይደለም። ቢያንስ ሁለት ፍጥረታት አንድ አካል ሠርተው የሚኖሩበት ጎጆ ነው ቢባል ይቀላል። ጎጆውን የሚሠራው ፈንገስ ነው፤ የእንጉዳይና የሻጋታ ዘመድ። ፈንገስ ምግቡን ራሱ ማዘጋጀት ስለማይችል በውስጡ አልጌ ወይም ሳያኖባክቴሪያ የሚባሉ ደቃቅ ፍጥረታትን ያስጠልላል፤ እነሱ ከፀሐይ ብርሃን ስኳር ሠርተው ያካፍሉታል። እንዲህ ተዛምዶ መኖር በሳይንስ «ሲምባዮሲስ» ይባላል። ነገሩን በ1867 ለመጀመሪያ ጊዜ በይፋ የተናገረው ስዊዘርላንዳዊው ሲሞን ሽቬንደነር ሲሆን፣ የዘመኑ ስመ ጥር የላይከን ሊቅ ዊልያም ኒላንደር እስከ መጨረሻው ሊቀበለው አልፈለገም። ዕድሜ ልኩን አንድ ፍጥረት ነው ብሎ ስም ሲያወጣለት ለኖረ ሰው «ስም ያወጣኸው ለሁለት ነው» መባል ቀላል አልነበረም።

ክርክሩ አሁንም አልተዘጋም። በ2016 ቶቢ ስፕሪቢልና የሥራ ባልደረቦቹ ሁለት ላይከኖችን አነጻጽረው ነበር። አንደኛው ቡናማ ሲሆን የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች አብስለው ይመገቡት የነበረ ነው። ሌላው ቢጫና መርዛማ ነው። በዲኤንኤ ሲመረመሩ ፈንገሱም አልጌውም አንድ ሆነው ተገኙ። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ? ተመራማሪዎቹ በላይከኑ ቆዳ ውስጥ ሦስተኛ ነዋሪ አገኙ፤ እሱም የእርሾ ዓይነት ፈንገስ ሲሆን በቢጫው ላይ በብዛት ይገኛል። ግኝቱ ብዙ ተወራለት። በ2019 ግን 339 ዝርያዎችን የመረመረ ሌላ ጥናት እንዲህ ያለው እርሾ በሁሉም ላይከን ውስጥ እንደማይገኝ አሳየ። ሦስተኛው ነዋሪ ቤተኛ ይሁን እንግዳ ባለሙያዎቹ ገና አልተስማሙም።

ታዲያ ስሙ የማን ነው? ዓለም አቀፉ የስም አወጣጥ ደንብ ቁርጥ ያለ መልስ አለው። ለላይከን የሚሰጠው ስም የፈንገሱ ስም ነው። አልጌው የራሱ የሆነ ሌላ ስም አለው። ቤት በአባወራው ስም እንደሚመዘገብ ማለት ነው፤ ሌሎቹ በቤቱ ይኖራሉ እንጂ በካርታው ላይ የሉበትም። ደንቡ ሥራን ያቀላጥፋል፤ የሕይወቱን እውነታ ግን ሙሉ በሙሉ አይገልጽም። ከላይ ያየናቸው ቡናማውና ቢጫው ላይከኖች በፈንገሱ ብቻ ከተለኩ አንድ ዝርያ ናቸው፤ ለሚበላቸው ሰው ግን የእራትና የመርዝ ያህል ይራራቃሉ።

መሮ፣ ምላጭና በረኪና

አንድ ላይከን ከድንጋይ ተነሥቶ መዝገብ እስኪገባ የሚያልፍበት መንገድ ብዙ ሰው ከሚገምተው ይረዝማል፤ መሣሪያው ግን ከሚገመተው በታች ተራ ነው።

ተመራማሪው አንገቱ ላይ አሥር እጥፍ የሚያጎላ ትንሽ ሌንስ አንጠልጥሎ፣ መዶሻና መሮ ይዞ ይወጣል። ብዙ መንገድ አይሄድም። ከአንድ ቋጥኝ ሥር ተንበርክኮ ዓይኑን ከድንጋዩ ጋር ሊያገናኘው ጥቂት ሲቀረው ቆሞ፣ ጣት በማይሞላ ቦታ ላይ አምስትና ስድስት ዓይነት ላይከን ሊቆጥር ይችላል። ቅርፊት መሰሉ ላይከን ከድንጋዩ ስለማይላቀቅ የድንጋዩን ስባሪ አብሮ ይፈነቅላል። ናሙናውን በላስቲክ ቢያሽገው ይሻግትበታል፤ ስለዚህ በወረቀት ፖስታ ይጠቀልለዋል። ፖስታው ላይ ቦታውን፣ ከባሕር ወለል በላይ ያለውን ከፍታ፣ የተለጠፈበትን የድንጋይ ወይም የዛፍ ዓይነት፣ ቀኑንና የራሱን ተራ ቁጥር ይጽፋል። ይህ ጽሑፍ ከናሙናው እኩል ዋጋ አለው። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ላይከን ባለቤቱ እንደጠፋ ደብዳቤ ነው።

ከዚያ የጠረጴዛ ሥራው ይመጣል። በላይከኑ ገጽ ላይ ጽዋ ወይም ቁልፍ የሚመስሉ ጥቃቅን አካላት አሉ፤ ፈንገሱ የሚራባባቸው ስፖሮች የሚፈጠሩት በእነሱ ውስጥ ነው። ተመራማሪው በጢም ምላጭ፣ በባዶ እጁ፣ ከጽዋው ላይ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ የሳሳ ቁራጭ ይሸነሽናል። በውኃ ጠብታ ውስጥ አድርጎ በማይክሮስኮፕ ያየዋል፤ የስፖሮቹን ርዝመትና ስፋት በማይክሮሜትር ይለካል። አንድ ማይክሮሜትር የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። የኦባማ ስም የተሰጠው ላይከን ባለበት ወገን፣ በካሎፕላካ፣ ስፖሩ ለመለየት አያስቸግርም (ወገን ማለት የሚቀራረቡ ዝርያዎች የሚሰበሰቡበት ስብስብ ነው)፤ ሁለት ክፍል ያለው ሆኖ ክፍሎቹ በቀጭን ቦይ ይገናኛሉ።

ቀጥሎ የጠብታ ሙከራ አለ። ላይከኖች በሌላ ፍጥረት ብዙም የማይታዩ ኬሚካሎችን ይሠራሉ፤ ዝርያን ከዝርያ ለመለየት ኬሚካሉ ምስክር ይሆናል። ከሙከራዎቹ አንዱ የሚሠራው ሌላ ምንም ሳይሆን ልብስ በሚነጣበት በረኪና ነው። ጠብታው ሲያርፍበት አንዳንዱ ላይከን በቅጽበት ደም ይመስላል፤ አንዳንዱ ምንም አይሆንም። ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ደግሞ ብርቱካናማውን ካሎፕላካ ወደ ሐምራዊ ያዞረዋል። ሁለቱንም ሙከራዎች ለዘርፉ ያስተዋወቀው በ1866 ያው እምቢተኛው ኒላንደር ነው። በዘመኑ የነበረውን ታላቅ እውነት አልቀበልም ያለ ሰው የተወው መሣሪያ እስከ ዛሬ በየተመራማሪው ኪስ ውስጥ አለ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ናሙናው ከታወቀ ዝርያ ጋር ካልገጠመ «አዲስ ነው» ማለት ገና አይቻልም። ምናልባት ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት አንድ ጀርመናዊ በሦስት መስመር ላቲን ገልጾት ይሆናል። ስለዚህ የድሮ ጽሑፎች ይፈተሻሉ፤ ከሌላ አገር ክምችት የቆዩ ናሙናዎች በትውስት ይመጣሉ፤ ዛሬ ደግሞ ዲኤንኤው ተነቦ ከዘመዶቹ ጋር ይነጻጸራል። ከሥራው ሁሉ ጊዜ የሚበላው ይህኛው ነው። ክኑድሰን ላይከኑን ያገኘው በ2007 ሲሆን ስሙ የታተመው በ2009 ነው፤ በዚህ ሙያ ሁለት ዓመት እንደ ፍጥነት ይቆጠራል።

ስም ለመጽናት የሚያስፈልጉት ሁኔታዎች በደንብ የተወሰኑ ናቸው። ዝርያው ከሌሎች የሚለይበት ምልክት መጻፍ አለበት። እስከ 2011 መጨረሻ ድረስ ይህ መግለጫ በላቲን ካልሆነ ስሙ አይጸናም ነበር፤ ከ2012 ወዲህ እንግሊዝኛም ይበቃል። ከ2013 ጀምሮ ለፈንገሶች ስሙ ከመታተሙ በፊት እውቅና ካለው መዝገብ ልዩ ቁጥር መውሰድ ግዴታ ሆኗል። ከሁሉም የሚከብደው ግን አንድ ናሙና ተመርጦ «ይህ ስም ማለት ይህ ነው» ተብሎ በታወቀ ክምችት ውስጥ መቀመጡ ነው። ይህ ናሙና «ሆሎታይፕ» ይባላል። በጊዜ ብዛት ክርክር ቢነሣ ዳኛው መጽሐፉ ሳይሆን ፖስታው ውስጥ ያለው ቁራጭ ነው።

አንድ ሲሉት መቶ

በዘመናዊ የስም አወጣጥ መነሻ ተደርጎ በሚወሰደው በ1753ቱ ሥራው ካርል ሊኒየስ ላይከኖችን ሁሉ በአንድ ወገን ሥር 80 ያህል አድርጎ ነበር ያለፋቸው። ከዕጽዋት ሁሉ እንደ ምስኪን ባላገር ቆጥሯቸው ነበር። ደቀ መዝሙሩ ኤሪክ አካሪየስ መምህሩ የናቃቸውን አንሥቶ የራሳቸው ሳይንስ እንዲኖራቸው አደረገ። በ2017 የታተመ አጠቃላይ ቆጠራ 19,387 ዝርያዎችን በ995 ወገኖች አስፍሯል። ቁጥሩ በየዓመቱ ይጨምራል፤ ለምን እንደሚጨምር ግን ሁሉም አይስማማም።

ለክርክሩ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው ኮራ የተባለው ወገን ነው። ኮራ በላቲን አሜሪካ ደጋማ ስፍራዎች የሚበቅል፣ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ፣ ለዓይን የሚያምር ላይከን ነው። ድንክዬ ስላልሆነ ሳይታይ ያለፈ አይደለም፤ ለረጅም ጊዜ ሁሉም ያየው ነበር፤ ሁሉም አንድ ዝርያ ነው ብሎ ያልፈው ነበር። በ2014 ተመራማሪው ሮበርት ሉኪንግና ባልደረቦቹ የብዙ ናሙናዎችን ዲኤንኤ አንብበው ያ «አንድ» ዝርያ ቢያንስ 126 መሆኑን አስታወቁ፤ በስሌታቸውም ጠቅላላው ከ400 ሊበልጥ ይችላል። በ2017 ደግሞ 70 የኮራ ዝርያዎች በአንድ ጽሑፍ ብቻ ስም ወጣላቸው።

ይህን ሲሰማ የሚጠራጠር ባለሙያ አለ፤ ጥርጣሬውም ከንቱ አይደለም። በዲኤንኤ ፊደላት መለያየት የሁለት ዝርያዎች ማስረጃ ነው ወይስ የአንድ ዝርያ ቤተሰቦች ልዩነት? በመስክ ያለ የደን ጠባቂ በዓይኑ ሊለየው የማይችለውን ነገር ዝርያ ብሎ መጥራት ለማን ይጠቅማል? በሌላው ወገን ያሉት የሚመልሱት ከተለዩ በኋላ ተመልሶ ሲታይ ልዩነቱ በዓይንም ይታያል በማለት ነው። የጠርዙ ፀጉር፣ የገጹ ቀለም፣ የሚበቅልበት ስፍራ ሁሉ ይለያያል፤ ዓይን ያላየው የሚፈልገውን ስላላወቀ ብቻ ነው። በኮራ ጉዳይ የሁለተኞቹ ክርክር ይበልጥ ያሳምናል፤ ልዩነቱ በዲኤንኤ ብቻ ሳይሆን በመልክና በመኖሪያም ይደገፋል። በሁሉም ወገን ግን እንዲሁ ይሆናል ማለት አይደለም። በ2018 በፖርቶ ሪኮ የፈንገስ ባለሙያዎች ጉባኤ ላይ ደፋር ሐሳብ ቀርቦ ነበር፦ ናሙና ሳይኖር የዲኤንኤ ንባብ ብቻውን የስም መሠረት ይሁን የሚል። አልጸደቀም። ስሙን የሚሸከም፣ በእጅ የሚያዝ አካል መኖር አለበት የሚለው አቋም እስካሁን እንደጸና ነው።

ይህ የምሁራን ጭቅጭቅ ብቻ እንዳይመስል የሚያደርገው ውጤቱ ነው። በአህጉር ላይ የተሠራጨ አንድ ዝርያ ቢባል ማንም አይጨነቅለትም፤ አንዱ ተራራ ቢመነጠር በሌላው አለ። መቶ ዝርያ ሆኖ እያንዳንዱ በአንድ ተራራ ብቻ የሚኖር ከሆነ ግን የአንድ ተራራ ምንጣሮ የአንድ ዝርያ ፍጻሜ ነው።

ስሙ ለማን ይሰጥ?

ደንቡ ስለ ሰዋስው ይጠነቀቃል እንጂ ማን ይከበር በሚለው ላይ ለረጅም ጊዜ ዝምተኛ ነበር። «ኦባሜ» ማለት በላቲን ሰዋስው «የኦባማ» ማለት ነው፤ ከዚያ በላይ ትርጉም የለውም። ክኑድሰን እንዳለው ፕሬዚዳንቱ ለሳይንስና ለሳይንስ ትምህርት ለሰጡት ድጋፍ ምስጋናውን መግለጫ ነው። በ2015 ጄሲካ አለንና ጄምስ ለንደመር በምሥራቅ አሜሪካ በአፓላችያን ተራሮች ለሚገኝ ላይከን የዚያው አካባቢ ልጅ የሆነችውን የዘፋኟን የዶሊ ፓርተንን ስም ሰጡት። በካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በ2011 ተመራማሪው ትሬቨር ጎዋርድ የሁለት አዳዲስ ላይከኖችን ስም የማውጣት ዕድል ለጨረታ አቅርቦ ገንዘቡ ለተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበራት እንዲውል አድርጓል።

የሚቃወሙ አሉ። ስም ዝርያውን መግለጽ አለበት፤ «ብርቱካናማው» ወይም «በኖራ ድንጋይ የሚበቅለው» ቢባል ተማሪ ከስሙ ይማራል፤ የዝነኛ ሰው ስም የአንድ ሳምንት ዜና ነው ይላሉ። የሚደግፉት ደግሞ ይህ ዘርፍ ከጋዜጣ የሚያገኘው ያው የአንድ ሳምንት ዜና ብቻ መሆኑን ይጠቅሳሉ። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ይሁንና ብርቱካናማ ካሎፕላካ በጣም ብዙ ስለሆነ «ብርቱካናማው» የሚለው ስምም ከ«የኦባማ» ብዙ የተሻለ አያስተምርም።

የማድሪዱ ጉባኤ የገጠመው ከዚህ የሚከብድ ነገር ነው። ከሁለት መቶ በላይ የዕጽዋት፣ የፈንገስና የአልጌ ስሞች «ካፍራ» የሚል ቃል ነበረባቸው። ቃሉ ከዐረብኛው «ካፊር» የመጣ ሲሆን በደቡብ አፍሪካ ጥቁሮች የሚዋረዱበት ስድብ ሆኖ የኖረ ነው። ሁለት የደቡብ አፍሪካ ተመራማሪዎች ባቀረቡት ሐሳብ ላይ ድምፅ ተሰጥቶ በ351 ለ205 ስሞቹ አፍሪካን ወደሚያመለክተው «አፍራ» እንዲለወጡ ተወሰነ። ወደፊት ለሚወጡ አዋራጅ ስሞችም መላ የሚፈልግ አካል እንዲኖር ተስማሙ። የተቃወሙት ሁሉ ለስድቡ የሚቆረቆሩ አልነበሩም። የብዙዎቹ ስጋት የስም መጽናት ነው፤ ዛሬ አንዱ ከተነካ ነገ በቅኝ ገዥዎች ስም የተጠሩት በሺህ የሚቆጠሩ ስሞች ይነሣሉ፤ የጥናት ጽሑፎች፣ የሕግ ዝርዝሮች፣ የመድኃኒት መዝገቦች ይዛባሉ የሚል ነው። ይሁን እንጂ ስሞች በሳይንስ ምክንያት ሁልጊዜ ይለወጣሉ። ካሎፕላካ ራሱ በ2013 በተደረገ ጥናት በብዙ ወገኖች ተሰነጣጥቆ ብዙ ዝርያዎቹ ስማቸው ተቀይሯል፤ ሥራውም አልቆመም።

ስም የሌለው በሕግ ፊት የለም

ሳንታ ሮዛ ደሴት ለብዙ ዘመን የከብት እርባታ ቦታ ነበረች። ላይከኑ የሚበቅለው በአፈር ላይ ስለሆነ በኮቴ ይረገጣል። ከብቶቹ በ1998 ከደሴቲቱ ሲወጡ ከመጥፋት አፋፍ የተረፈው ላይከን እንደገና ማገገም ጀመረ። በዚያ ሁሉ ዘመን ስለመኖሩ እንኳ የሚያውቅ አልነበረም። ቢጠፋ ኖሮ የጠፋው ነገር ስም ስለሌለው «ጠፋ» ተብሎ አይመዘገብም ነበር።

የጥበቃ ሕግ የሚሠራው በስም ዝርዝር ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ለብዙ ዓመታት በዝርዝሩ የያዘው ሁለት ላይከኖችን ብቻ ነው፤ አንዱ በ1993 የገባው የፍሎሪዳው ክላዶኒያ፣ ሌላው በ1995 የገባው የአፓላችያን ድንጋይ ላይከን ነው። ከአሥራ ዘጠኝ ሺህ በላይ ዝርያ ባለው ዓለም ይህ ቁጥር የሚያሳየው የላይከኖችን ደኅንነት ሳይሆን የባለሙያዎቹን ማነስ ነው። መኪናና ፋብሪካ የሚተፉትን የድኝ ጋዝ ከማንም በፊት የሚሸሸው ላይከን ነው፤ ይህንንም ኒላንደር በፓሪስ መናፈሻዎች ከአንድ ምዕተ ዓመት ተኩል በፊት አስተውሎ ጽፏል። ነገር ግን የትኛው ዝርያ እንደሸሸ ለመናገር መጀመሪያ የትኛው ዝርያ እንደነበረ መታወቅ አለበት።

ቁም ሳጥኑ የማን ነው?

ሄርባሪየም የሚባለው የደረቁ ናሙናዎች ቤተ መዘክር ነው። ለጎብኚ የሚያሳየው ነገር ስለሌለው በጀት ሲጠብ በመጀመሪያ ዓይን የሚያርፍበት እሱ ነው። ዱክ ዩኒቨርሲቲ የሕንፃውንና የእንክብካቤውን ወጪ ምክንያት አድርጎ ናሙናዎቹ ወደ ሌሎች ተቋማት እንዲሄዱ መወሰኑን ሲያሳውቅ ከዓለም ዙሪያ ተቃውሞ ገጠመው። ዩኒቨርሲቲው ናሙናዎቹ አይጠፉም፣ ቦታ ነው የሚቀይሩት ይላል። የተቃዋሚዎቹ መልስ ናሙናና ባለሙያ ሲለያዩ ናሙናው ለጊዜው ድዳ ይሆናል የሚል ነው። የዱክ ክምችት በላይከንና በመሰሎቹ የበለጸገ ስለነበር ጉዳዩ ለዚህ ሙያ ሰዎች የቅርብ ነበር። እውነተኛ ጥፋት ምን እንደሚመስልም ያውቃሉ፤ በ1943 መጋቢት መጀመሪያ በርሊን በቦምብ ስትደበደብ የዳህለም ሄርባሪየም ተቃጥሎ አብዛኛው ክምችት ዐመድ ሆኗል። አብረው የነደዱት ስም የተመሠረተባቸው ናሙናዎች ነበሩ።

የበርሊኑ እሳት ኢትዮጵያንም ይመለከታል። ከ1837 እስከ 1878 ዕለተ ሞቱ ድረስ በአገራችን የኖረው ጀርመናዊው ጌኦርግ ቪልሄልም ሺምፐር ከትግራይና ከአካባቢው የሰበሰባቸውን ናሙናዎች የበርሊኑን ጨምሮ ወደ አውሮፓ ክምችቶች ይልክ ነበር። በዚያ ዘመን ከዚህ የሄዱ ናሙናዎች «አቢሲኒካ» ወይም «አቤሲኒኩም» የሚል ስም ይዘው በመጻሕፍት ገቡ፤ ከላይከኖችም ፓርሞትሬማ አቤሲኒኩም የተባለው አንዱ ነው። ስሙ የእኛ ነው፤ ስሙን የሚሸከሙት ናሙናዎች ግን በብዛት ያሉት በባዕድ ቁም ሳጥን ነው። ለማረጋገጥ የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ደብዳቤ ይጽፋል ወይም ቪዛ ይጠይቃል።

በ1959 የተቋቋመው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም ይህን ለመለወጥ ብዙ ሠርቷል። ከ1980 እስከ 2009 የተካሄደው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕጽዋት ዝርዝር ሥራ ስድስት ሺህ ያህል ዝርያዎችን አንድ በአንድ መዝግቧል። ሥራው ግን የሚያብቡትን ዕጽዋት፣ ፈርኖችንና የጥድ ዘመዶችን የሚመለከት ነው፤ ላይከን ዕፅ ስላልሆነ አልገባበትም። ለላይከኖች እንዲህ ያለ የተሟላ አገራዊ ሥራ የለም። በኮራ የታየው ነገር በባሌ፣ በሰሜን ተራሮችና በጮቄ አይደገምም የሚያሰኝ ምክንያትም የለም፤ ከፍታቸው ከሌላው ተነጥሎ የቆመ ተራሮች ዝርያ የሚለያይባቸው ስፍራዎች ናቸው።

እዚህ ላይ ሌላ ውጥረት አለ። ኢትዮጵያ የጀነቲክ ሀብት አርክቦትን፣ ማለትም ሀብቱን የማግኘት ፈቃድን፣ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ትቆጣጠራለች፤ ናሙና ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። የሆላንድ ኩባንያ በአውሮፓ ያስመዘገበውን የጤፍን የባለቤትነት መብት ታሪክ የሚያስታውስ ሰው ጥንቃቄውን አይነቅፍም። የስም አውጪዎች ቅሬታ ደግሞ ከደረቀ የድንጋይ ቅርፊት ትርፍ የሚያገኝ ኩባንያ ሳይኖር፣ ለመድኃኒት ፈላጊና ለዝርያ ለቃሚ አንድ ዓይነት ፈቃድ መጠየቁ ጥናቱን ያዘገየዋል የሚል ነው። መካከለኛው መንገድ ሆሎታይፑ በአዲስ አበባ እንዲቀመጥና ወደ ውጭ የሚሄደው ቅጂ ናሙና እንዲሆን በውል መያዝ ነው፤ በተለያዩ አገሮች የተለመደ አሠራር ነው። ይህ እንዲሆን ግን እዚህ ያለው ቁም ሳጥን መሙላቱ ብቻ አይበቃም፤ በምላጭ ሸንሽኖ ስፖር የሚለካ የሙያ ሰው ከቁም ሳጥኑ አጠገብ መኖር አለበት።

የቆየ ናሙና ምን ሊያደርግ እንደሚችል የፍሎሪዳ ታሪክ ያሳያል። በዚያ ግዛት አሸዋማ ቁጥቋጦ ቦታዎች በልዩ ልዩ ዘመናት የተለቀሙ የኮራ ናሙናዎች በሌላ ዝርያ ስም ተጽፎባቸው በሄርባሪየም ተቀምጠው ነበር። በ2020 እንደገና ሲመረመሩ ራሱን የቻለ ዝርያ ሆነው ተገኙ። ተመራማሪዎቹ በአውሮፓውያን በሽታና ጦርነት ባለቁት የአካባቢው ነባር ሕዝብ ስም ኮራ ቲሙኩዋ አሉት። ስሙ በወጣበት በዚያው ጽሑፍ ርዕስ ላይ «ምናልባትም የጠፋ» የሚል ቃል አብሮ ታትሟል።